ሃምሳ ላይ የቆመችው ሣጥን

በሰው አገር የምኖርበትን ፈቃድ፣ ፐርሚቴን፣ በኢንተርኔት ሳሳድስ የምሞላው ቅጽ ላይ «ሥራ» የሚል ጠባብ ቦታ አለ። ለዓመታት «ድረ ገጽ ሠሪ» እያልኩ ሞልቼዋለሁ። ባለፈው ግን ጣቴ እዚያ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ድረ ገጽ መሥራት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ አዲሱን ሥራዬን ደግሞ በአንድ ቃል ልጠራው አልቻልኩም። ገጣሚ ብዬ እንዳልሞላ፣ ያሉኝ ግጥሞች ማንም ያላተማቸው ናቸው። ቅጹ ብዙ ዝም ያለን ሰው አውጥቶ ይጥላል። እኔንም ጣለኝ። እንደገና እስክገባ ድረስ ያሰብኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጄፔ ጎዳና ላይ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ ከሚሸጥበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ድረ ገጽ አሠራርን ከስልኬ ነው የተማርኩት፤ አስተማሪ አልነበረኝም። አለቃዬ የብርድ ልብሶቹን ፎቶ ለደንበኞቹ የሚያሳይ ገጽ ፈልጎ ቀጠረኝ። የሚሰጠኝ አስተያየት ሁሌም ሁለት ነበር፦ ቀይ ይሁን፤ ይተልቅ። ቀይ አደረግኩት፤ አተለቅኩት። ከዚያ ወደ ሰሜን የከተማው ክፍል፣ መስታወት ወደ ሞላበት አንድ ድርጅት ተሻገርኩ። የዚያኛው አለቃዬ የአገሩ ሰው ነው፤ ደስ የሚል፣ ሁሌም የሚቸኩል ወጣት። ዛሬ እናውጣው፣ ነገ እናስተካክለዋለን ይል ነበር። ይህን አባባሉን ወደድኩት። ከእኔ ጋር የተፈጠረ መሰለኝ። ስሜ ትዕግሥት ይሁን እንጂ ትዕግሥቱ ያለው ስሜ ላይ ብቻ ነው።

ወረርሽኙ ገብቶ አገር ሲዘጋ፣ ሰባት ደቂቃ በፈጀ የቪዲዮ ስብሰባ ከሥራ ወጣሁ። በሰባተኛው ደቂቃ አለቃዬ እጁን አውለበለበ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። የሥራ ልምድ ወረቀቴ በኢሜይል መጣ፤ ስሜን ተሳስተው ነው የጻፉት።

ጋሽ ኤርሲዶን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ አገር ቤት በቴሌኮም ቴክኒሺያንነት ሠርተዋል። ጄፔ አካባቢ ከአንድ የልብስ መደብር በስተጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ የሱቅ ፍሪጆችን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ይሠራሉ። ቮስሎሩስና ዳቬይተን በሚባሉ የከተማ ዳር ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ ያላቸው ያገራችን ሰዎች የፍሪጃቸው ሙቀት ከፍ ሲል ስልካቸው ላይ መልእክት የሚደርሳቸው በእሳቸው ሥራ ነው። እኔን የጠሩኝ ለዚያ መልእክት የስልክ ገጽ እንድሠራላቸው ብቻ ነበር። ገጹን በአራት ቀን ጨረስኩት። በአምስተኛው ቀን ሰሌዳውን የሚያዘውን ፕሮግራም ከትከሻቸው በላይ ማንበብ ጀመርኩ። በስድስተኛው ቀን ወንበር አቀረቡልኝ።

ፕሮግራም የሚጽፉበት ቋንቋ ረስት ይባላል። እሳቸው ግን «ርስት» ነበር የሚሉት። መጀመሪያ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ተሳስተው መስሎኝ አርሜያቸው ነበር። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ ቋንቋውን ስትማሪው ማን እንደተሳሳተ እናያለን አሉኝ።

በሳምንቱ ገባኝ። በድረ ገጽ ሥራ የኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ የማን እንደሆነ አስቤ አላውቅም። ነገር ትፈጥሪያለሽ፣ ትጥዪዋለሽ፤ ከኋላሽ የሚጠርግ አለ። በረስት የሚጠርግልሽ የለም። እያንዳንዱ ነገር አንድ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሲሄድ ንብረቱም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ሰው ተውሶ ሊያየው ይችላል። አንዱ ሊለውጠው የተዋሰ እንደሆነ ግን ሌላው ሁሉ እጁን ማንሳት አለበት። ይህን ያልጠበቀ ጽሑፍ ኮምፓይለሩ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ኮምፓይለር የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚገለብጠው ፕሮግራም ነው። የለመድኩት ቋንቋ ለማንኛውም ነገር እሺ ይል ነበር፤ ይኸኛው ለሦስት ሳምንት እምቢ አለኝ።

ጋሽ ኤርሲዶ ይህን ሕግ የሥራ ክፍሉ ውስጥም ይኖሩበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሚሠራው ሰሌዳ ንድፍ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ለማየት ሁለታችንም እናየዋለን። እርሳስ ያነሳ ሰው ግን ጮክ ብሎ «ይዣለሁ» ይላል፤ ያኔ ሌላው አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል። ሲጨርስ እርሳሱን አስቀምጦ «ለቅቄአለሁ» ይላል። ሁለት ሰዎች ብቻ በምንሆንባት ክፍል ውስጥ ይህን ማለት መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን ሳልል መስመር ሰረዝኩ። እሳቸው በዚያው ቅጽበት ከዚያ መስመር እያነበቡ ሽቦ ይበይዱ ነበር። ሰሌዳው ተቃጠለ። የተቃጠለውን ሰሌዳ ከፊቴ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰሌዳ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከወረርሽኙ በፊትም እንደዚያ ነበርኩ ይላሉ። አንድ ነገር ሲሠራላቸው «ሠራ» አይሉም፤ «እስካሁን እምቢ አላለችም» ይላሉ። ማሽን ለእሳቸው ሁሌም ሴት ናት። አዲስ ፕሮግራም ሳሳያቸው የሚጠይቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደምትሠራ አልነበረም።

«ስትደነግጥ ምን ትላለች?»

ድንጋጤ ያሉት በቋንቋው ፓኒክ የሚባለውን ነው። ፕሮግራሙ ሊያልፈው የማይችል ነገር ሲገጥመው ይደነግጥና ይቆማል። ለትንንሽ ማሽኖች ስትጽፊ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚደረግ አንቺው ጽፈሽ ካልሰጠሽው ኮምፓይለሩ አያሳልፍሽም።

እኔ ግን ማምለጫ እፈልግ ነበር። ኮምፓይለሩ ባለቤትነት ላይ በተከራከረኝ ቁጥር ነገሩን እየቀዳሁ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ቅጂ እሰጥ ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ አንድ ጠዋት ሁለት ገጽ አንብበው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት መቼ ከፈትሽ አሉኝ። ቅጂዎቹን በሙሉ ሰርዘው እንደገና አስጀመሩኝ። ተናደድኩ። ቤቴ ሄጄ ስለ እሳቸው ስድብ የሆነ ግጥም ጻፍኩ። ስንኙን ሳስተካክል፣ ሳያስፈልግ የደጋገምኩትን ቃል ስሰርዝ፣ ቀን ያሉኝን እያደረግኩ እንደሆነ አየሁና ብዕሬን አስቀመጥኩ።

የወረርሽኙ ሁለተኛ ማዕበል መጣ። ሆስፒታሎች ሞሉ። ሰዎቻችን በየቤታቸው በኦክስጅን ሲሊንደር መተንፈስ ጀመሩ። ሲሊንደሮቹን ከቤት ቤት እያዞረች የምታስገጥመው ሲስተር ዘይነባ ነበረች። የስልጤ ሴት ናት፤ አገሯ ነርስ፣ እዚህ ጅምላ መደብር ውስጥ ሻጭ። አንድ ቀን ወደ ክፍላችን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አስታማሚ ይደክማል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ የሲሊንደሩን መለኪያ ሳያይ ያልቃል አለችን። ፍሪጅ ሲሞቅ የሚጮህ ከሠራችሁ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ የሚጮህ ያቅታችኋል ወይ ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ኤርሲዶ ሰሌዳውን ሠሩ፤ ፕሮግራሙን ለእኔ ሰጡኝ። ሣጥኗ ከእጅ መዳፍ አትበልጥም። ሲሊንደሩ ላይ ትገጠማለች፤ የቀረውን ግፊት በቁጥር ታሳያለች። ቁጥሩ ሃምሳ ሲደርስ ትጮኻለች፤ የበሽተኛውን ስም የያዘ መልእክትም ወደ ሲስተር ዘይነባ ስልክ ትልካለች። ስሙን ሲስተር ከስልኳ ታስገባለች። መልእክቷ አጭር መሆን ስላለባት ለስም ስምንት ፊደል ብቻ መደብኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ነው። ማሽን ፊደል አታውቅም፤ የምታውቀው ባይት የሚባለውን ትንሽ ክፍል ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፤ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት። ስምንት ፊደል ሃያ አራት ባይት ነው። እኔም ስሙ ከረዘመ ሃያ አራተኛው ባይት ላይ ቁረጪው ብዬ ጻፍኩ። በለመድኩት ቋንቋ ጽሑፍን የትም ብትቆርጪው ምንም አይልሽም። ረስት ግን ቢላው በአንድ ፊደል ሆድ ላይ ካረፈ፣ ጎዶሎ ፊደል ይዤ አልሄድም ብሎ ይደነግጣል።

ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህም ሞከርኩት፤ ሃያ ስም አስገብቼ ሞከርኩ። አንድም ጊዜ አልደነገጠችም።

በጋሽ ኤርሲዶ ስም ስሞክር አጠገቤ ነበሩ። ግፊቱን የምታስመስለውን ማዞሪያ ወደ ሃምሳ አወረድኳት፤ ሣጥኗ ጮኸች፤ ስልኬ ላይ «ኤርሲዶ፡ሀንዳ» የሚል መልእክት ገባ። ሀንዳሞ ነው የአባታቸው ስም።

«አባቴን ቆረጥሽው» አሉኝ።

ቦታ አጥቶ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ በስሞቹ መካከል ያለው ሁለት ነጥብ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግጥም ስጽፍ ቃልን ከቃል የምለየው በሁለት ነጥብ ነው። በክፍት ቦታ መለየት ባዶ እጅን እንደ መዘርጋት ይሆንብኛል። የስልኬንም የፊደል ገበታ ለዚያ አመቻችቼዋለሁ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ዛሬ እንደዚህ የሚጽፍ ካንቺ ሌላ አላውቅም አሉኝና ወደ ብየዳቸው ተመለሱ። ንግግሩ እዚያ አለቀ። ሁለታችንም ሰማነው፤ ሁለታችንም አለፍነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ኤርሲዶ ትኩሳት ጀመራቸው። ትሮይቪል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ገቡ። ቤተሰባቸው አገር ቤት ስለሆነ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዘጠኙ ሣጥኖች በተዘጋጁበት ቀን ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ድንጋጤዋን ጻፍሽላት?»

«ጽፌአለሁ» አልኳቸው።

ጽፌ ነበር። ባዶ ዙር ነበር የጻፍኩት፤ ስትደነግጪ እዚያው ባለሽበት ተሽከርከሪ የሚል። ኮምፓይለሩ እንዲያሳልፈኝ ብቻ ያስቀመጥኩት ነው። ከጎኑ በራሴ እጅ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ ጽፌበታለሁ። ዛሬ እናውጣው፣ ነገ እናስተካክለዋለን። ጋሽ ኤርሲዶ ደህና ቢሆኑ ኖሮ ቁጭ ብለው ያነቡት ነበር። አላነበቡትም። ዘጠኙ ሣጥኖች ወጡ። ከአራት ቀን በኋላ አንዷ ለእሳቸው ለራሳቸው ተገጠመች።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲስተር ዘይነባ ደወለች። ዳቬይተን ነበረች። አብዱረህማን ከድር የሚባል ባለ ሱቅ ኦክስጅኑ አልቆበት፣ ሚስቱ ከንፈሩ መጥቆሩን አይታ ጮኻ፣ ጎረቤት በመኪና ሆስፒታል አድርሶታል። ሣጥኗ አልጮኸችም፤ መልእክትም አልላከችም።

«መብራቷ በርቷል» አለችኝ። «ሃምሳ ትላለች። ሲሊንደሩ ባዶ ነው፤ እሷ ሃምሳ ትላለች።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ሽቦ ነው። ሰው የራሱን ጥፋት መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። ለሙከራ ያስቀረኋትን አሥረኛዋን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ በርሜል የምታክል ይመስል ዞርኳት። ሽቦ ነቀነቅኩ፤ ባትሪ አወጣሁ፣ መለስኩ። ማዞሪያዋን ወደ ሃምሳ አወረድኩ፤ ጮኸች። ስሙ ይሆን ብዬ የአብዱረህማንን ስም ከእነ አባቱ ጻፍኩባት። ጮኸች። ደግሜ ጻፍኩት። ጮኸች። በጮኸች ቁጥር ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃቴ ይጨምር ነበር። ስምንት ሣጥኖች በስምንት ቤት ውስጥ አሉ፤ የትኛዋ እንደምትናገር፣ የትኛዋ ዝም እንደምትል አላውቅም። ለሲስተር ደወልኩና ሁሉንም ቤት ሣጥኗን አትመኑ፣ የሲሊንደሩን መለኪያ እዩ በይልኝ አልኳት። እሺ አለች። የሚያነሳም የማያነሳም አለ አለች። ጋሽ ኤርሲዶ አላነሱም፤ ተኝተው ይሆናል አለች፤ ሌሊቱን ሲያስላቸው ነው ያደረው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል የአብዱረህማንን ስም ስታስገቢ እንዴት እንደጻፍሽው ራሱን ላኪልኝ አልኳት። ላከችው። ከእኔው አጻጻፍ አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። ፊደሎቹ አንድ ናቸው። በመካከላቸው ግን በእኔው ሁለት ነጥብ አለ፤ በእሷው ባዶ ቦታ።

ሁለት ነጥብ ልክ እንደ ፊደሎቻችን ሦስት ባይት ይይዛል። ባዶ ቦታ ግን አንድ። እኔ የሞከርኳቸው ሃያ ስሞች በሙሉ በሦስት በሦስት የሚሄዱ ነበሩ፤ ሃያ አራት ላይ ስትቆርጫቸው ቢላው ሁሌም ፊደል አልቆ ፊደል የሚጀምርበት ላይ ያርፋል። አንድ ባዶ ቦታ ከገባ ሁሉም ነገር ይዛነፋል፤ ቢላው ፊደል ሆድ ላይ ያርፋል።

የላከችውን ገልብጬ አስገባሁ። ማዞሪያዋን አወረድኩ። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አንድ። ሃምሳ። ከዚያ ምንም። ማዞሪያዋን ወደ ዜሮ ወሰድኳት። ሃምሳ። ሣጥኗ ስሙን የምትቆርጠው መልእክቱን ስታዘጋጅ ነው፤ መልእክቱን የምታዘጋጀው ደግሞ ከመጮኋ በፊት ነው፤ ቅደም ተከተሉን እንደዚያ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለቀናት በትክክል እየሠራች ትቆይና፣ ልክ በምትፈለግበት ቅጽበት ደንግጣ፣ እኔ የሰጠኋት ባዶ ዙር ውስጥ ገብታ ትሽከረከራለች።

የስምንቱን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ስንኝ ስለካ እንደማደርገው በጣቴ ቆጠርኩ። ገሚሶቹ በራሳቸው ስም ብቻ ነው የተመዘገቡት። ሙዘይን ሸረፋ፣ ሰባት ፊደል፤ አይቆረጥም። ወለተማርያም በላይ፣ አሥር ፊደል፤ ይደነግጣል። ለሲስተር ነገርኳት፤ የወለተማርያም ልጅ ቮስሎሩስ ከእናቷ አጠገብ ናት፣ መለኪያውን እያየች ነው አለችኝ። የመጨረሻውን ቆጠርኩ። ኤርሲዶ፣ አራት። ባዶ ቦታ። ሀንዳሞ፣ አራት። ሃያ አምስት ባይት። በአንዲት ባይት ይተርፋል። ቢላው የሚያርፈው «ሞ» ላይ ነው።

ላፕቶፔን ይዤ ሮጥኩ።

ከጄፔ ትሮይቪል ዳገት ነው። ጭምብል አድርጎ መሮጥ በጨርቅ ውስጥ ውኃ እንደ መጠጣት ነው። የታክሲ ሰልፉ ረጅም ስለነበር አልቆምኩም። እየሮጥኩ ደወልኩላቸው፤ ጠራ፤ አላነሱም። ድንጋጤዋን ጻፍሽላት? ጽፌአለሁ። በየእርምጃዬ የሚመጣብኝ ይኸው ነበር።

የሕንጻቸው በር ላይ አንድ አዛውንት ዘበኛ ነበሩ። ሳውቦና ሲሲ፣ ሰላም እህቴ፣ አሉኝና እጄ ላይ ሳኒታይዘር ረጭተው የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ አነጣጠሩ። መለኪያው ጮኸ። ከሩጫዬ የተነሳ ሠላሳ ስምንት ገብቻለሁ። ወደ ጥላው አመለከቱኝ፤ ቁጭ ብለሽ ትቀዘቅዢያለሽ፣ እንደገና እለካሻለሁ አሉኝ። ሥራቸው ነው፤ ሥራቸውን በትክክል የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ከደንበኞች የለቀምኩት ዙሉኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ንጊያቼላ ባባ አልኩ፤ እለምንዎታለሁ ማለት ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ አየር፣ አየር እያልኩ ደረቴን መታሁ። ሰውዬው ፊቴን አዩት። መለኪያውን ዝቅ አደረጉና በእጃቸው ወደ ደረጃው ገፉኝ።

በሩ አልተቆለፈም። ጋሽ ኤርሲዶ በሆዳቸው ተኝተዋል፤ ፊታቸው ወደ እኔ ነው። ዓይናቸው ተከፍቷል። ሣጥኗ አልጋው አጠገብ ካለው ሲሊንደር ላይ ናት።

ሃምሳ ትላለች።

አሁን ገና የደረሰች ሃምሳ ልትሆን ትችላለች። የቆመች ሃምሳም ልትሆን ትችላለች። ተንበርክኬ የሲሊንደሩን የራሱን መለኪያ አየሁ። መርፌው ከቀዩ ጫፍ ወርዶ ከብረቱ ማቆሚያ ጋር ተለጥፏል። በቱቦው ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም።

ትርፉ ሲሊንደር ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ሲስተር ናት ያስቀመጠችው። እየጎተትኩ አመጣሁት። የሲሊንደሩን መፍቻ ላነሳ ስል ጋሽ ኤርሲዶ እጃቸውን ከአንሶላው አወጡ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ጣታቸው ግን ወደ መታጠቢያው ነው የሚያመለክተው። አልገባኝም። ጣታቸውን እንደገና ነቀነቁ። ያኔ እጄን አየሁት፤ በር ላይ የተረጨልኝ ሳኒታይዘር ገና አልደረቀም፤ ከሥሩም የብየዳ ቅባት አለ። ኦክስጅን ባለበት ቅባትና አልኮል እሳት ይጠራል። ሰው ትንፋሽ አጥቶ ሌላውን እጅሽን ታጠቢ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ታጠብኩ። ውኃው ቀስ ብሎ የሚወርድ መሰለኝ። አሮጌውን ዘጋሁ፣ መቆጣጠሪያውን ፈታሁ፣ ወደ አዲሱ አዞርኩት፤ ጥርሱ አልያዘም፤ አወጣሁት፣ እንደገና አዞርኩት፣ ያዘ። ከፈትኩ። ቱቦው ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ። መርፌው ተነሳ።

ሣጥኗ አሁንም ሃምሳ ትላለች።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። የከንፈራቸው ቀለም እስኪመለስ ድረስ ከከንፈራቸው ዓይኔን አላነሳሁም። መናገር ሲችሉ የጠየቁኝ የት ላይ ነው የሚል ነበር። የተሳሳተው ቦታ የት ላይ ነው ማለታቸው ነው። ስለ ሁለት ነጥቡ፣ ስለ ባዶ ቦታው፣ ስለ ሃያ አምስተኛው ባይት ነገርኳቸው። ቢላው «ሞ» ላይ እንዳረፈ ስነግራቸው ሊስቁ ሞክረው ሳል ያዛቸው።

«አባቴ አልቆረጥም ብሎ እምቢ አለሽ» አሉ።

 እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ስለ ሁለት ነጥቡ የነገርኳቸው ነገር ደስ የሚል ጥፋት ነው፤ ማንም ሰው ይቅር ይለዋል። ዳቬይተን ያለውን የአብዱረህማንን ጉዳይ አነሳሁ። ከዚያ ስለ ባዶው ዙር ነገርኳቸው። ድንጋጤዋን ጽፌአለሁ ያልኩዎት ውሸት ነበር አልኳቸው። ለጊዜው ብዬ ነው፤ ኮምፓይለሩ እንዲያሳልፈኝ ብዬ ነው።

ጋሽ ኤርሲዶ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉ።

«ቢላው የሁለታችን ነው፤ ሁለት ነጥቡን አይቼዋለሁ» አሉ። «ዝምታው ግን ያንቺ ነው።»

አቅፈው እንዲያጽናኑኝ አልጠበቅሁም። አላጽናኑኝም። ከትራሳቸው ሥር የሥራ ክፍሉን ቁልፍ አወጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውንም አነሱ።

«ለቅቄአለሁ» አሉ።

ሕጉን አውቀዋለሁ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ጮክ ብሎ እስኪል ድረስ ነገሩ የማንም አይደለም። ቁልፉ እዚያው ተቀምጧል። እጄ ንጹሕ ነበር። አልተነሣልኝም። እሳቸው ጠበቁ፤ ትንፋሻቸውን እየቆጠሩ ጠበቁ።

«ይዣለሁ» አልኩ።

እዚያው ወለሉ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ጻፍኩት። መጀመሪያ ትጮኻለች፤ ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ በፊደል እንጂ በባይት አይቆረጥም። ብትደነግጥ ደግሞ እስክትዘጋ ድረስ ትጮኻለች። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ሰረዝኩ። ከዚያ እለት ወዲህ በጻፍኩት ፕሮግራም ውስጥ ያ ቃል የለም። በሁለት ቀን ውስጥ ስምንቱንም ቤት ዞሬ ሣጥኖቹን አደስኩ፤ በየቤቱ ቆሜ እስክትጮህ ድረስ አልወጣሁም።

ጋሽ ኤርሲዶ ዳኑ። አገር ሲከፈት ሆሳዕና ገቡ። በስልክ ሲያገኙኝ አሁንም ስለ ማሽን እንጂ ስለ ጤናዬ አይጠይቁኝም። የተቃጠለችው ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ናት፤ ከአጠገቧ የአብዱረህማንን ሣጥን ሰቅያለሁ።

አብዱረህማንም ከሆስፒታል ወጣ። የሱቁን ዕቃ ሁሉ ዋጋ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር ይላሉ። እኔ ሳገኘው ሳሙና ሲሸጥ ሚስቱን ዋጋ ይጠይቅ ነበር። ዳቬይተን ለመሄድ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። ሱቁ መስኮት ጋ ቆሜ፣ ያቺን ሣጥን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩት። ሚስቱ ሥራዋን አቆመች። እሱ ግን ቀስ ብሎ አየኝ፤ አንድ ነገር ለማስታወስ እየሞከረ ይመስላል።

«አሁንስ ትጮኻለች?» አለኝ።

ከቦርሳዬ አዲሷን ሣጥን አውጥቼ በፍርግርጉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አሳለፍኩለት። ስሙን እኔ አልጻፍኩትም፤ ስልኩን ሰጥቼው እሱ እንዲጽፈው አደረግኩ። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ጻፈው። ከስሙ ቀጥሎ፣ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው፣ ባዶ ቦታ ተወ። ከዚያ የአባቱን። ማዞሪያዋን አወረድኩ። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አንድ።

ጮኸች። ሰልፍ ላይ የነበሩ ደንበኞች ዞሩ፤ አንዲት ሴትዮ ጆሮዋን ያዘች። ላጠፋት እጄን ስዘረጋ አብዱረህማን መዳፉን በሣጥኗ ላይ አደረገ።

«ተያት» አለኝ። «ትጩህ።»